ጠይሙን አባቴን ቀይ ያደረገው ማተሚያ ቤት

ኮከቡን በመጀመሪያ ልስጥ፤ ከአምስት አራት። አንዱን ለምን እንደቀነስኩ፣ አራቱን ደግሞ ለምን እንዳልነካሁ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። የቤቱን ስም ግን አልጽፍም። ጥፋታቸውንም ስለማወራ ሠርቶ የሚበላ ሰው ገበያ መዝጋት አልፈልግም። ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ማተሚያ ቤቶች አንዱ ነው፤ ይኸው ይበቃል። ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ ማኅተም፣ ቲሸርት፣ የጉርድ ፎቶ፣ የማይሠሩት የለም። እኔ የሄድኩት ለአልበም ነው። ፎቶ የሚለጠፍበትን የድሮውን ማለቴ አይደለም፤ ፎቶና ጽሑፍ አብሮ ታትሞ እንደ መጽሐፍ የሚጠረዘውን ነው። እነሱ "ፎቶ ቡክ" ይሉታል።

አባዬ ያረፈው በ2016 ዓ.ም. ነው፣ በ75 ዓመቱ። ቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፈው የአጎቴ ልጅ ነበር። አንድ ገጽ ተኩል። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አገለገሉ፣ በጡረታ ተገለሉ፣ የሦስት ሴት ልጆች አባት ነበሩ። ስሙን ቀይራችሁ ለማንም ብታነቡት ያስኬዳል። እየተነበበ ታናሽ እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለችኝ። በለቅሶ መሀል ሳቅ አፈነኝ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ለሙት ዓመቱ ሌላ ነገር እናደርጋለን የተባባልነው ያን ቀን ማታ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዋጋ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። 32 ገጽ፣ ሃያ ሳንቲም በሃያ፣ ደረቅ ሽፋን። አንዱን 2,800 ብር አሉኝ። ስድስት ነው የማሳትመው ስላቸው ወደ 2,400 ወረዱ፤ ድምሩ 14,400። ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ከፈልኩ። አንድ ለእናቴ፣ ሦስት ለእኛ፣ አንድ ለአጎቴ፣ አንድ ደግሞ ሳሎን ለሚቀመጠው። ሌላ ቦታ በርካሽ አግኝቼ ነበር፤ ናሙናውን ስከፍተው ግን ሁለት ገጽ እጄ ላይ ቀረ።

አንድ ምክር በነፃ። ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል ላኩ። እንዲሁ ስትልኩት ይጨመቃል። ስልክ ላይ ያምራል፣ ሲታተም ግን ይደበዝዛል። ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ የላከቻቸው 19 ፎቶዎች በዚህ ምክንያት ሁለቴ ተላኩ። የድሮዎቹን እኔው በእጄ ይዤ ሄድኩ። የእናትና አባቴ የሠርግ ፎቶ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል። ልልጠው ጥፍሬን ሳስገባ ልጁ እጄን ያዘኝ። "እህቴ ተዪው! ከነመስታወቱ ስካን አደርገዋለሁ፤ ከተላጠ ሙሽራዋ መስታወቱ ላይ ነው የምትቀረው።" እውነቱን ነበር።

ይህ ከሰዓት የሚገባው ልጅ ነው። ሁለት ልጆች አሉ፤ ጠዋት የሚገባና ከሰዓት የሚገባ። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ይጠቅማችኋል።

የመጀመሪያውን ናሙና የሠራው የጠዋቱ ነው። በስልኬ ላከልኝ። ሽፋኑ ላይ የአባዬ ፎቶ፣ ከሥሩ በወርቅማ ፊደል "ታዋቂው ሳይካትሪስት" ይላል።

አባዬ ሳይካትሪስት አልነበረም። ሳይኮሎጂስት ነበር። ይህን ለማስረዳት ዕድሜውን ፈጅቷል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ ከዚያ በአእምሮ ሕመም ላይ የተካነ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ጠባይ ያጠናል፣ ያስተምራል፣ ያማክራል። ሰፈራችን ግን ለሁለቱም አንድ ስም ነበረው፦ የእብድ ሐኪም። ሌሊት በር አንኳኩተው የእንቅልፍ ኪኒን የጠየቁት ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ፒጃማውን እንደለበሰ ይወጣና "እኔ ጋ ያለው ወንበር ብቻ ነው" ይላቸዋል። አንዳንዱ ይስቅና ይሄዳል። አንዳንዱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል፤ ያን ጊዜ እኛ በራችን ተዘግቶ እንተኛለን።

"ታዋቂው" የምትለዋም ብትሆን ከየት እንደመጣች አላውቅም። የሚታወቀው እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ፣ ከአቶቴ እስከ አሞራ ገደል ነው።

ለጠዋቱ ልጅ ደወልኩ። "ያው አይደል እንዴ እህቴ?" አለኝ። ያው አይደለም አልኩት፣ ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም። ለእህቴ ደውዬ ስነግራት ደግሞ "አሁን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነሽ፤ ቁጣ" ብላኝ አረፈችው። አምስቱን የሐዘን ደረጃዎች ማለቷ ነው፦ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል። አባዬ ይህን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ነበር የሚጠርገው። ሳይካትሪስቷ ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ደረጃዎቹን ያወጣችው ለመሞት የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው፤ ለሐዘንተኛ የተቆረጠ ትኬት አድርጎ የወሰደው ሌላው ሰው ነው፣ ይል ነበር። ሐዘን እንደ ታክሲ ፌርማታ በተራ አይመጣም። እኔም የተቆጣሁት ደረጃው ደርሶ አልነበረም። ሽፋኑ ተሳስቶ ነው።

ከሽፋኑ የባሰው ፎቶው ነው። አባዬ ጠይም ነው። ግንባሩ ላይ በልጅነቱ ፍየል የወጋችው ጠባሳ አለ፤ አፍንጫው ግራና ቀኝ መነጽሩ ያስቀመጣቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ። የጠዋቱ ልጅ በፎቶሾፕ ሁሉንም ደልድሎታል። ጠባሳው የለም። ጉድጓዶቹ የሉም። ፊቱ ፊኖ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀይ ሰው ሆኗል፣ ከንፈሩም ወዛም። ስልኩን ለእማዬ አሳየኋት። ራቅ አድርጋ ያዘችው፣ ቀረብ አደረገችው። "ይሄስ ማነው? በአባትሽ በኩል ያለ ዘመድ ነው?"

በዓመት ሁለተኛ ጊዜ።

በማግሥቱ ከሰዓት ሄድኩ። የከሰዓቱ ልጅ ናሙናውን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም አላለም። የጠዋቱ ልጅ ዋናውን ሳያስቀር በላዩ ላይ ሴቭ አድርጎታል። ስለዚህ ፎቶው እንደገና ስካን ተደረገ፤ አላስከፈሉኝም። "ጠባሳው ይኑር?" ብሎ ጠየቀኝ። ይኑር አልኩ። "መነጽር ያረፈበቱስ?" እሱም። እንዲህ እያለ እያንዳንዷን ምልክት እየጠየቀ ሄደ። አንድ ጥርሱ ላይ ያለችውን ስንጥቅ እኔ ራሴ አላውቃትም ነበር። እሱ ነው ያሳየኝ።

ከዚያ በኋላ አምስት ከሰዓታት እሱ ጎን በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋናው እሱ ነው።

እማዬ አስተማሪ ናት። ክረምት ክረምት ዲፕሎማዋን ለማሻሻል ስትሄድ ሦስት ሴት ልጆች ከአባታቸው ጋር ቀሩ። የ1980 ክረምት ፎቶ አለን፤ ሦስታችን በቁመት ተሰልፈን። ሹሩባ የሠራን አባዬ ነው። የታላቄ መስመር ከግንባሯ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ይታጠፋል። የእኔ ሁለቱ ወፍራም፣ ሦስተኛው የዓይጥ ጅራት። የታናሼ መሀል ላይ ተስፋ ቆርጦ በላስቲክ አስሮታል። የሰፈር ሴት አንዷን ቢጠይቅ በግማሽ ሰዓት ይሠሩልን ነበር። አልጠየቀም። ከደንበኛ ጋር እንደሚያወራ ሁሉ "ያማል? እዚህ ጋስ?" እያለ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። እኔ ያን ፎቶ ለማሳነስ አስቤ ነበር፣ ስለምናሳፍር። የከሰዓቱ ልጅ ሙሉ ገጽ አደረገው።

ስለ ሥራው ያለን ፎቶ ጥቂት ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ሲያስተምር አንድ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ገና ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረ ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ፤ ሁሉም "ቲቸር" እያሉ ነው የሚጠሩት። በ2001 ዓ.ም. 60 ሞልቶት ጡረታ ሲወጣ የተሸለመው ጋቢ ጋር አንድ። ሥራው ፎቶ አይነሣም። አንድ ሰው ይናገራል፣ አንድ ሰው ይሰማል፤ በሩ ይዘጋል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ በሩም ቀረ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ይሄዳል፤ ማውራት የፈለገ አብሮት ይሄዳል። ፊት ለፊት መናገር የከበደው ሰው ጎን ለጎን ሲራመድ አፉ ይፈታል ይል ነበር። ከማን ጋር እንደሄደ ግን ለእማዬ እንኳ አይነግራትም።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ከመሳቢያው ያወጣሁትን ፖስታ እንዳለ ነበር የሰጠኋቸው። ከፎቶዎቹ መሀል የታጠፈ ደብዳቤ ነበር። ልጁ በተርታ ስካን ሲያደርግ እሱንም አደረገው። ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ሁለት መስመር አነበብኩና ዓይኔን አነሣሁ። የተማሪ ደብዳቤ ነው። ምን እንደሚል አልጽፍም። አባዬ ጡረታ የወጣ ሰሞን ማስታወሻዎቹን ሁለት ማታ ሙሉ ሲቀድድ አይቼዋለሁ። ከዚያ ከሰል ምድጃ ላይ አቃጠላቸው፣ በዚያው እሳት እማዬ ቡና አፈላች። ይቺ አንዷ እንዴት እንዳመለጠችው አልገባኝም። ምናልባት አላመለጠችውም።

"ይህን አጥፋልኝ" አልኩት። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረ። ከፎልደሩ አጠፋው። ከዚያ ሳልነግረው ሪሳይክል ቢኑን ከፈተ፣ ከዚያም አጠፋው። ስካነሩ ራሱ ቅጂ ይይዝ እንደሆነም ገብቶ አየ። ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ፤ ፊደሉን ወደ ውስጥ አድርጎ። ፎቶ ለማሳተም ስትሄዱ ፋይላችሁ የት እንደሚቀር ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ነው የተደረገልኝ፣ ለዚህ ብቻ ሁለት ኮከብ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ ዓሣ ያበላን ነበር። ከአጥማጆቹ ቆሮሶ ይገዛል፤ እዚያው ተጠብሶ በትሪ ይመጣል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ራሰ በራቸውን ቀልሰው ከኋላችን ይቆማሉ፣ እንደ እድር ሽማግሌ። አባዬ እጅጌውን እስከ ክርኑ ይሰበስባል። አውራ ጣቱን በጀርባው በኩል ያስገባና ሥጋውን በአንድ በኩል ገልበጥ ያደርገዋል። ከዚያ እያንዳንዷን ጉርሻ በሁለት ጣቱ እያሸ፣ እሾህ እየፈለገ፣ በተራ ያጎርሰናል። ከታናሽ ወደ ታላቅ። እማዬም ተራ ነበራት። ለእሱ የሚቀረው ራሱና ጅራቱ ነው። "ጣፋጩ ራሱ ነው" ይለን ነበር። ልጅ እያለሁ አምኜው ነበር። ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን ቀምሼ አየሁት፤ ጣፋጭ አይደለም።

ከእነዚያ ቅዳሜዎች ወደ ሠላሳ ፎቶ አለን። አባዬ አንዱም ላይ የለም። ዜኒት ካሜራውን ለማንም አይሰጥም ነበር። ፊልሙ 36 ነው፣ እያንዳንዷ በሒሳብ ናት። በአንዱ ፎቶ ላይ እማዬና እኛ ውሃው ዳር ቆመናል፤ ከሥር ደግሞ ጥቁር ነገር ወደ እግራችን ተዘርግቷል። ይህ ጥቁር ይቆረጥ አልኩት። የከሰዓቱ ልጅ አጉልቶ አየው። ዝም ብሎ ቆየ።

"እህቴ፣ ይሄ እኮ እሳቸው ናቸው።"

ጥላው ነው። ፀሐይ ከጀርባው ሆና አሸዋው ላይ ጥላውን ጥላለች። ባርኔጣው ይታያል። ሁለቱ ክርኖች ግራና ቀኝ ወጥተዋል፤ ካሜራ የያዘ ሰው ክርን። የጥላው ራስ ልክ የታናሽ እህቴ ጫማ ጋር ይደርሳል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳሎናችን የተሰቀለ ፎቶ ነው። ማናችንም አላየንም።

መግለጫ ምን እንበለው? ታላቄ "ጥምቀት ነው፣ ነጭ ለብሻለሁ" አለች። ታናሼ ልደቴ ነው አለች። እማዬ የፋሲካ ማግሥት ነው፣ ያን ቀን ዓሣ አልበላንም፣ ሥጋ ይዘን ነው የሄድነው አለች። እኔ ዓሣ እንደበላን እምላለሁ። የቪዲዮ ጥሪው ወደ ጭቅጭቅ ተለወጠ። አባዬ ቢኖር ፍሬድሪክ ባርትሌትን ይጠራብን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ያሳተመውን ሥራ ነው። ይህ እንግሊዛዊ ሳይኮሎጂስት ለተማሪዎቹ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተረት አስነብቦ ደጋግመው እንዲጽፉት አደረጋቸው። በጻፉት ቁጥር ተረቱ ወደሚያውቁት ዓለም ሄደ። ታንኳው ጀልባ ሆነ፣ የባሕር እንስሳ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ። ማንም እየዋሸ አይደለም፤ ትዝታ በተነገረ ቁጥር እንደገና ይሠራል። አባዬ ይህን የሚያነሣው እኛ ስንጣላ ነበር፣ ማን ማንን መጀመሪያ እንደመታ ስንካሰስ።

በመጨረሻ "አሞራ ገደል" ብቻ ብለን ጻፍን። ቀን የለውም።

አሁን ቅሬታ። ሐሙስ ይደርሳል ተባልኩ። ሐሙስ ሄድኩ፣ መብራት የለም። ጀነሬተር አላቸው፣ ግን ትልቁን ማሽን አይጎትትም። ዓርብ፣ "ከሰዓት ነይ"። ከሰዓት፣ "ሽፋኑ እየደረቀ ነው"። ሙት ዓመቱ እሁድ ነው! ቤት ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ሊደፋ ነው፣ እኔ ፒያሳ ላይ ሥራ እንደሌላት ሴት እመላለሳለሁ። የቀነስኩት ኮከብ በዋናነት የዚህ ነው። መብራት የእነሱ ጥፋት አይደለም። ቢያንስ ግን ደውለው "አትምጪ" ማለት ይችሉ ነበር፤ ሦስት የባጃጅ ጉዞ ይተርፈኝ ነበር። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ላይ ተረከብኩ። ሙጫው ይሸታል። ከስድስቱ አንዱ ላይ ገጽ 14 እና 15 ተገልብጠዋል፤ እሱን ለአጎቴ ሰጠሁት። እስካሁን አላወቀም።

ሌላው ጥሩ ነው። ገጹ ማት ነው፣ አያብለጨልጭም፣ ስለዚህ መብራት ሥር ሲከፈት ይነበባል። ጥረዛው እስካሁን ልክ ነው። የሹሩባው ፎቶ ላይ የላስቲኩ ቀለም ሳይቀር ይለያል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ባዶ አድርገን እንተዋቸው ያለኝ የከሰዓቱ ልጅ ነው። "እስክሪብቶ የሚይዝ ወረቀት አደርጋቸዋለሁ፤ ሰው ይጽፍባቸዋል" አለ። እኔ ብክነት መሰለኝ። ለባዶ ገጽ ይከፈላል? ዋጋው አንድ ነው ሲለኝ ዝም አልኩ።

እሁድ ዕለት የሳሎኑ አልበም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ። ገጽ 9 ላይ ወጥ ነክቶታል። ሰው ሲቀንስ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴት አየሁ፤ ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ። ማን እንደሆኑ አላውቅም። አልበሙን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ባዶው ገጽ ላይ ቆመዋል። ሌላ ፎቶ የለም ወይ ብለው የጠየቁኝ መሰለኝ። ቀረብ አልኩ።

በወጣትነታቸው እኛ ሰፈር ሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እመቤታቸው ሞቱ። ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ጎረፈ፣ ለባልየው፣ ለልጆቹ፣ ለእህቶቻቸው እግዚአብሔር ያጥናችሁ ተባለ። እሳቸው ኩሽና ውስጥ ንፍሮ እየቀቀሉ ያለቅሱ ነበር። ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ማንም ምንም አላላቸውም።

"አባትሽ ገባ" አሉኝ። "ውሃ የሚጠጣ መሰለኝ። ጀሪካን ገልብጦ ተቀመጠ። እግዚአብሔር ያጥናሽ አለኝ። ከዚያ ንፍሮው እስኪበስል ቁጭ አለ።"

ይጻፉት ብዬ እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። መጻፍ አልችልም አሉኝ። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ወረቀቱ እስክሪብቶ ይይዛል፣ ልጁ እንዳለው። አሁን አንድ ገጽ ተኩል ሞልቷል፤ ሌሎችም ጽፈውበታል።

እማዬ የራሷን አልበም ከላስቲኩ አላወጣችም። በላስቲኩ ላይ ነው ሽፋኑን የምታየው። ጠባሳው ጋ ስትደርስ በጣቷ ጫን ታደርገዋለች።

ከሄዳችሁ፦ የምትጽፉትን ሁሉ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ፣ በአፍ አትንገሯቸው። ሽፋኑን ከመታተሙ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ቀጠሮ ሲሰጧችሁ ሦስት ቀን ጨምሩበት። ልጁ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው የሚገባው። ጠዋት አትሂዱ።